እንግሊዝኛ ለምትቸገሩ የሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሰዎች፦ እኚህን መምህርት አግኟቸው

ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እንግሊዝኛ የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። በአደባባይ ላመሰግናቸው የምፈልጋቸው አንዲት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት መምህርት አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ መናገር ያለማምዳሉ። ሳላስፈቅድ ስማቸውን መለጠፍ ስለማልወድ ነው የማልጽፈው።

ከእሳቸው በፊት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቦታ «በሦስት ወር አቀላጥፈሽ ትናገሪያለሽ» ብለው ሙሉውን ክፍያ ተቀበሉኝ። የሰጡኝ እንደኛ «በ» እና «ለ» ያሉ የትንንሽ ቃላት ረጅም ዝርዝር ነበር፤ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ፣ ፎር፣ ቱ። ሸመደድኩት። ግን አፌን ስከፍት ሁሉም እኩል እየመጡ ይተናነቁኛል። «እዚህ ጋ ለምን ኦን ሆነ?» ስል መልሱ «ዝም ብለሽ ያዢው» ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ አስተማሪው አነጋገሬን እየደገመ ተማሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። ያን ቀን እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ገንዘቤንም የመለሰልኝ የለም። ሌሊት እያደርኩ፣ አረጋውያን እያገላበጥኩ ያገኘሁት ብር ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እኚህ እናት ግን ዝርዝር የሚባል ነገር የላቸውም። «ዛሬ ሥራ ላይ ምን ማለት ፈልገሽ አቃተሽ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። የሰዋስው ሕጉን ስም ዛሬም አላውቀውም፤ እሳቸውም አልጫኑኝም። የነገሩኝ ግን ከጭንቅላቴ አይወጣም። ታሞ የተኛ ሰው «ኢን ዘ ሆስፒታል» ነው፤ ለሥራ ወይም ለጥየቃ የሄደ «አት ዘ ሆስፒታል»። ለአረጋውያኑ ቤተሰብ ለምንደውል ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰው ያስደነግጣል። እኛ በስልክ፣ በቢላ፣ በጠዋት ብለን በአንድ «በ» የምንጨርሰውን እነሱ ኦን፣ ዊዝ፣ ኢን እያሉ ይከፋፍሉታል። መኪና ሲሆን ኢን፣ አውቶቡስ ሲሆን ኦን ነው። ለምን ስላቸው «ቆመሽ የምትራመጂበት ከሆነ ኦን በይ» አሉኝ። በቃ፣ ገባኝ! «ዱ ዩ ማይንድ» (ቅር ይልሻል ወይ?) ብሎ ለሚያስፈቅድ ሰው ደግሞ እሺ ለማለት «ኖ» እንደሚባል ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ምግብ ጋብዘውት «አይም ጉድ» ያለ ሰውም አልፈልግም፣ ይቅርብኝ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ስለ ልጄ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መደወል ነበረብኝ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ስልኬን ለሰው ነበር የምሰጠው። መምህርቷ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ አብረውኝ ቆዩ። እሳቸው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እየሆኑ አለማመዱኝና «በይ አሁን ደውይ» አሉኝ። «አይም ኮሊንግ» (የደወልኩት) አልኩና ቃል ጠፍቶኝ ተያዝኩ። ስልኩን ልሰጣቸው እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም። ወረቀት ላይ አንዲት ቃል ጽፈው አሳዩኝ፤ «አባውት»፣ «ስለ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴ ጨረስኩት። እናቴ ደሴ ሆና ይህን ስትሰማ እልል ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት እሷን ለማስታመም ስለነበር ነገሩ ሁልጊዜ ይከነክናት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ! ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

እባካችሁ ሂዱ። ቤተ መጻሕፍቱ ፌንተንና ዌይን ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ክፍያ የለውም፤ እኔን ወረቀት የጠየቀኝም የለም። እዚያ የማይመቻችሁ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ሌሎች ቤተ መጻሕፍት እዩ፤ የእንግሊዝኛ መለማመጃ ቡድን ያላቸው ብዙ ናቸው። ቀንና ሰዓቱን ድረ ገጻቸው ላይ ታገኙታላችሁ፤ ካልሆነም ገብታችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ። ቤት የምትውል እናት ወይም አክስት ያለቻችሁ ደግሞ ይዛችኋት ሂዱ። ብቻዬን እፈራለሁ የምትል እህት ካለች በውስጥ መስመር ትጻፍልኝ፣ እኔው ይዣት እሄዳለሁ።