ሊብረኦፊስ ወይስ ማይክሮሶፍት 365?

ሁለቱም ደብዳቤ የሚጻፍባቸውና ሰንጠረዥ የሚሠራባቸው የቢሮ ፕሮግራሞች ናቸው።

ዋጋ፦ ሊብረኦፊስ በነጻ ይወርዳል፤ ማይክሮሶፍት 365 በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልበታል። ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠውን ሕገወጥ ቅጂ «ነጻ» ብለን አንቁጠረው።

ቅለት፦ የማይክሮሶፍቱን ዎርድ የለመደ እጅ በሊብረኦፊስ ጥቂት ቀን ይደናበራል።

ስጋት፦ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ኒያላ በተባለው የማይክሮሶፍት የፊደል ቅርጽ (ፎንት) የተጻፈ ደብዳቤ ኒያላ በሌለበት ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሥርዓት) ላይ ሲከፈት ቅርጹ በሌላ ይተካል፣ ገጹም ይዛባል። ላኪውም ተቀባዩም ነጻውን የአቢሲኒካ ፎንት ቢጭኑ ብዙው ይቃለላል። በሌላ በኩል የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ሲቋረጥ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ሰነዱን ያስነብባል እንጂ አያሳርምም።

ለማን፦ በማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ በሚፈጽም ትእዛዝ) የተሞላ ሰንጠረዥ ለሚያንቀሳቅስ የሒሳብ ሠራተኛ የማይክሮሶፍቱ ኤክሴል፤ ለተማሪ፣ ለአነስተኛ ማኅበርና ለአሮጌ ኮምፒውተር ሊብረኦፊስ። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ የሊብረኦፊስን ውለታ የምመልሰው የአማርኛ ትርጉሙን በማረም ነው።