የምትጮኸዋ ሶል፦ ሚዲ ኪቦርዴ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ኪቦርዷ ከላፕቶፕ ጋር እየተገጠመች ሙዚቃ የምንጫወትባት ናት፤ ሃያ አምስት ቁልፍ አላት። ስለ ሃያ አራቱ የምለው የለኝም፤ ይሠራሉ። ስለ አንዷ ግን ላውራ ካልኩ ይመሻል።

ሶል ናት፤ ከዶ ሬ ሚ ፋ ቀጥላ ያለችው ኖታ። ከመሃለኛው ዶ ወደ ቀኝ ስትሄዱ የምታገኟት። አምስተኛው ወር ላይ መጮህ ጀመረች። በስሱ ብትነኳትም በቡጢ ብትመቷትም ያው ነው። ተማሪዎቼ ቀስ ብለው ትዝታ እየተጫወቱ እሷ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ በሙሉ ይደነግጣል። ስም አወጡላት፤ ጥሩምባዋ።

ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የሙዚቃ ክበብ አለን። ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከርና ይቺ ኪቦርድ ነው። በራሴ ደመወዝ ስለገዛኋት የማማረር መብቴ ሙሉ ነው።

ሻጩ "ወንድሜ፣ ይሄ ዕድሜ ልክ ነው" ብሎኝ ነበር። የማን ዕድሜ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። "ድምፁስ?" ስለው "ጥርት ያለ ነው" አለኝ። ዕቃው እኮ ድምፅ የለውም! ሚዲ ማለት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የመሣሪያዎች መግባቢያ ነው። ኪቦርዷ የምትልከው ቁጥር ብቻ ነው፤ የቱ ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል። መሃለኛው ዶ 60 ነው፣ የእኔዋ ጉድ 67። ኃይሉ፣ ማለትም ቬሎሲቲው፣ ከ1 እስከ 127 ይሄዳል። ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ነው። እኛ በነጻ የሚወርደውን ኤልኤምኤምኤስ እንጠቀማለን። ጥርት ያለው እንግዲህ ቁጥሩ መሆኑ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ ሳየው ሶል ሁልጊዜ 127 ትልካለች። ይዣት ሱቁ ሄድኩ። "ቲቸር፣ ልጆቹ ደብድበዋት ነው። ዋስትናውም አልፏል" አለኝ ሻጩ። ልጅ እንዳይነካት ከተፈለገ ለማን ነው የምትሸጠው? ለመደርደሪያ? ይህን ያልኩት ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ለራሴ። ሱቁ ውስጥማ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ነው የወጣሁት።

ካቻቢቴ ይዤ ራሴ ፈታኋት። ከየቁልፉ ሥር ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች። ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ አንዱ ይነካል፣ ቀጥሎ ሌላው። መሣሪያዋ የምትለካው በሁለቱ መሃል ያለፈችውን ቅጽበት ነው። ቅጽበቷ ባጠረች ቁጥር "በኃይል ተመታሁ" ትላለች። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቆሻሻ ካለ ሁለቱ እኩል የነኩ ይመስላታል፤ ጩኸቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቆሻሻው ምን ነበር? የጠመኔ ብናኝ! አሥራ ምናምን ዓመት የተነፈስኩት ብናኝ ሶል ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። ልጆቹን በከንቱ ነው ያሙብኝ።

ላስቲኩ እንዳይቀደድ ፈራሁና ሳልነካው መልሼ ዘጋሁት። ለክበቡ "ዕቃው ተበላሽቷል፣ ትንሽ እንታገስ" ስል አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ሶል በሌለበት ቅኝት ብንጫወትስ?" አለችኝ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍናቸው፣ ሁሉንም ከዶ አስነስተን። ትዝታ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ባቲ፦ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሦስቱም ጥሩምባዋን ይነካሉ። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሶልን በጥቁሩ ቁልፍ ያልፋታል! ቅኝቶቹን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ማንም አልያዘልኝም። የዚያን ቀን ያዙ። ሁለት ሳምንት በአንቺሆዬ ብቻ ሠራን።

ትዝታ ሲናፍቃቸው ደግሞ ሌላ መላ መጣ። የተቀዳው ቁጥር ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ይታረማል። የሶልን 127 ወደ 70 ታወርዱታላችሁ፣ አለቀ። አንዱ ልጅ ሲያወርድ እጁ አልፎ ሚን በግማሽ ድምፅ ጎተታት። ደስ አለው፤ ላንም ጨመረ። ደስተኛው ትዝታ ሁለቱ ኖታዎቹ ዝቅ ብለው ወደሚያባባው ተለወጠ፣ ማይነሩ ትዝታ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህን ክራር ላይ ለማሳየት አውታር መቃኘት አለብኝ፤ እዚህ ግን የተጫወተው ያው ልጅ፣ የተመታውም ያው ነው።

"በተሰበረ ዕቃ ምን ይሠራል?" ለሚለው ሁልጊዜ የምነግረው የሃሊም ኤል ዳብህን ታሪክ ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ላይ የዛር ሥነ ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ (ድምፅን ቀጭን ሽቦ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ) ቀድቶ፣ ድምፁን ስቱዲዮ ውስጥ እየለዋወጠ ሙዚቃ ሠራበት። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ አስተማረ፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም እ.ኤ.አ. በ1963 የመሠረተው እሱ ነው። ልጆቹ ዛር ሲባል ይስቃሉ፣ ግን ይሰማሉ።

ባለፈው ወር ጨከንኩና በጥጥና ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ነጥቦቹን ጠረግኩ። ሶል ሰው ሆነች። ያቺው ተማሪ ግን ተቆጣችኝ፦ "ቲቸር፣ ጥሩምባዋን ለምን ገደሏት? እኔ እኮ ድርሰቴን በእሷ ጩኸት ነበር የምጀምረው!" ቬሎሲቲውን በእጇ 127 አድርጋ መለሰችው።

መግዛቴ ይቆጨኛል? ሶል ስትጮህ አዎ፤ ያ ትዝታ ሲሰማኝ አይ። መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፑ ባትሪ መሥራቷንም አልክድም። ሱቁን ግን አልመለስበትም። የምትገዙ ካላችሁ ሃያ አምስቱንም ቁልፍ ፕሮግራም ላይ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁም ጠንክራችሁም ሞክሩ፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም። ስትጨርሱ ጨርቅ አልብሷት። የእኔዋ የለበሰችው ገና አሁን ነው።

ትናንት ደግሞ ላ ጀመረች። ላ አንቺሆዬ ውስጥም አለች።