ባለ መብራት የመታጠቢያ ቤት መስታወት፦ በቱች የሚበራው ወይስ በግድግዳ ማብሪያ?

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት መስታወቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ መጠናቸው እኩል፣ ብርሃናቸውም ለዓይን እኩል ይመስላል። አንዱ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይበራል፣ ሦስት ዓይነት የብርሃን ቀለም ይቀያይራል፣ ሰዓትና የክፍሉን ሙቀት ያሳያል፣ በብሉቱዝ ሙዚቃ ያሰማል። ሌላው ከጀርባው ሽቦ ይወጣለታል፣ ሽቦው ከግድግዳ ማብሪያ ጋር ይያያዛል፣ በቃ። ዋጋቸው ሲቀራረብ ብዙ ሰው እጁን ወደ መጀመሪያው ይዘረጋል።

መልሱን አስቀድመን እንናገር፦ ሁለተኛውን ይግዙ። ምክንያቱ ዋጋው ውስጥ ነው ያለው።

የቱች ማብሪያ፣ የዲጂታል ሰዓት፣ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ለአምራቹ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ግን ይታያሉ፣ ስለሚታዩም ዋጋ ያስጨምራሉ። አምራቹን በእርግጥ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡት የመስታወቱ ውፍረት፣ ከጀርባው ያለው የብር ቅብ፣ ፍሬሙ፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት የሚያወርደው ድራይቨር ናቸው። እነዚህ ደግሞ መስታወቱ ተሰቅሎ ሲታይ አይታዩም። ስለዚህ አንድ ዋጋ ላይ ጌጡ ከበዛ፣ ገንዘቡ ከማይታየው ተቀንሷል ማለት ነው፦ 5 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት መስታወት 3 ሆኗል፣ 36 ዋት መሆን የነበረበት ድራይቨር በ20 ላይ ይቃጠላል። ባለ ቱቹ እውነተኛ ጥራት ኖሮት ከቀላሉ ጋር እኩል ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። እኩል ከሆነ ጀርባውን ገልብጠው ይዩ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «የ50,000 ሰዓት ዕድሜ» ሊያታልልዎ አይገባም። በቀን አንድ ሰዓት የሚበራ መብራት 50,000 ሰዓት ለመድረስ 137 ዓመት ይፈጅበታል። ቁጥሩ የሚናገረው ብርሃን ስለምትሰጠው ትንሿ የኤልኢዲ ፍሬ ብቻ ነው። በመታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ ቀድመው የሚሞቱት ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ድራይቨሩ፣ የቱቹ ሰሌዳ (ጣት የሚያነበው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ)፣ የመስታወቱ ጠርዝ። ንጽጽሩም መደረግ ያለበት በእነዚህ ነው።

ቱቹ

የቱች ማብሪያ ከመስታወቱ ጀርባ፣ የብሩ ቅብ በተፋቀበት ቦታ ላይ በሙጫ ተለጥፎ ጣት ሲቀርብ የሚፈጠረውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ያነባል። ችግሩ ውኃም ያንኑ ለውጥ መፍጠሩ ነው። ሻወር ተከፍቶ መስታወቱ ሲያልብ የወረደች ጠብታ ጣት ትመስለዋለች፤ መብራቱ በራሱ ይበራል፣ ወይም በእርጥብ እጅ ቢነኩት አልሰማም ይላል። ሙጫው በሙቀትና በእርጥበት ሲላቀቅ ደግሞ ሰሌዳው ከመስታወቱ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢርቅ ማብሪያው ጣት አይለይም። «ተበላሸ» ተብለው ከሚወርዱት ውስጥ አዲስ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ብቻ የሚያድናቸው አሉ፤ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ሙሉ መስታወት ይገዛል።

ሌላው የማይነገር ጉዳይ ቱቹ ጣት ለመጠበቅ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ መብላቱ ነው። 1 ዋት ብቻ ቢበላ እንኳ፣ 1 ዋት በ24 ሰዓት በ365 ቀን ሲባዛ በዓመት 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 25 ዋት የሆነው መብራት ራሱ በቀን አንድ ሰዓት ቢበራ በዓመት 9.1 ነው። ማለትም ጠፍቶ የሚበላው በርቶ ከሚበላው ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረውም። ከቆጣሪው ይልቅ ግን የሚጎዳው ድራይቨሩ ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት መሥራት ሲገባው 24 ሰዓት ኃይል እንደገባበት ይቆያል፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ቀስ በቀስ ይደርቃሉ።

ባለ ቱቹን በግድግዳ ማብሪያ በኩል ልዝጋው የሚል አለ። ይቻላል፤ ግን ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ኃይል ሲቋረጥ የመጨረሻ ሁኔታቸውን አይዙም። ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ መስታወቱን መንካት ግድ ይሆናል፤ በየማለዳው ሁለት ማብሪያ። የግድ ባለ ቱች የሚገዙ ከሆነ «ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ እንደነበረ ይበራል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በቃል ሳይሆን ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ሰክተው ይዩት።

ቱቹ የሞተበት መስታወት ያላችሁ አትጣሉት። መስመሩን ከቆጣሪው ዘግታችሁ፣ በቴስተር ኃይል አለመኖሩን አረጋግጣችሁ አውርዱት። ከድራይቨሩ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ወደ ቱቹ ሰሌዳ ይገባሉ፣ ከሰሌዳው ደግሞ ወደ ኤልኢዲ ስትሪፑ (ፍሬዎቹ ወደተደረደሩበት ቀጭን ሪባን) ይሄዳሉ። ሰሌዳውን አውጥታችሁ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አገናኙ፣ መጋጠሚያውን በደንብ ሸፍኑ። ከዚያ መብራቱ በግድግዳ ማብሪያ ይሠራል። ቀለም የሚቀያይረው ስትሪፕ ሦስት ሽቦ አለው፦ አንድ የጋራ ፖዘቲቭና ሁለት ኔጋቲቭ። ከኔጋቲቮቹ የምትወዱትን ቀለም አንዱን ብቻ አገናኙ፣ ሌላውን ጫፉን ሸፍናችሁ ተዉት። ሁለቱን ባንድ ላይ ካሰራችሁ ስትሪፑ እጥፍ ይስባል፣ ድራይቨሩም ላይችለው ይችላል።

ድራይቨሩ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 በ80 ሴንቲ ሜትር በሆነ መስታወት ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን የሚዞረው ስትሪፕ 2.6 ሜትር ያህል ነው። በሜትር 120 ፍሬ ያለው የተለመደ ስትሪፕ በሜትር 9.6 ዋት ገደማ ይበላል፤ ድምሩ 25 ዋት። ድራይቨር ሙሉ አቅሙን እየሠራ መኖር የለበትም፣ ቢያንስ አምስተኛውን እጅ መጠባበቂያ ይተውለታል፤ ስለዚህ 30 ዋት ዝቅተኛው ነው፣ 36 ደግሞ ደህና።

ዋናው ነገር ግን መቀየር መቻሉ ነው። ድራይቨሩ ከፍሬሙ ጋር በሙጫ ከተዋጠ ወይም በመስታወቱና በጀርባ ሽፋኑ መካከል ከታሸገ፣ እሱ የሞተ ዕለት መስታወቱ ሞተ። በብሎን በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ያለና ላዩ ላይ 12 ቮልት ከነ አምፔሩ የተጻፈበት ከሆነ ግን ከመስታወቱ ዋጋ ጥቂቱን ከፍለው ይተኩታል። ጽሑፉ «27–42 ቮልት፣ 600 ሚሊ አምፔር» ዓይነት ከሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ያ ድራይቨር የሚጠብቀው ቮልቱን ሳይሆን አምፔሩን ስለሆነ ተተኪው በአምፔር ልክ እሱን መምሰል አለበት። 12 ቮልቱ የትም ስለሚገኝ እሱ ይመረጣል።

ብልሽቱ ከየት እንደሆነ መብራቱ ራሱ ይናገራል። ሁሉም ባንድነት ቦግ ጠፋ፣ ቦግ ጠፋ የሚል ከሆነ ድራይቨሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ወይም ስትሪፑ ላይ ሽቦ ተነካክቷል። ሦስት ተከታታይ ፍሬዎች ብቻ ከጠፉ ጥፋቱ የስትሪፑ ነው፤ 12 ቮልት ስትሪፕ በሦስት በሦስት ፍሬ ስለሚያያዝ ከሦስቱ አንዷ ስትሞት ሁሉም ይጠፋሉ። ከአንድ ጥግ ጀምሮ ከደበዘዘ ወይም አንድ ጎን ሙሉ ከጨለመ ጥጉ ላይ ያለው ብየዳ ለቋል። በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለት ምክንያቶች ድራይቨር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ብርሃኑ ከየት ይምጣ?

ከጀርባው ብቻ የሚያበራው መስታወት ፎቶ ላይ ያምራል። ብርሃኑ ግን ግድግዳ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ፊት የሚደርሰው ከግድግዳው ተመልሶ ነው፣ ግድግዳው ጠቆር ያለ ከሆነ ደግሞ እሱም ይዋጣል። ጢም ለሚላጭ ወይም ለሚኳኳል ሰው አይረዳም። ከላይ ብቻ የሚያበራውም ከዓይን ሥርና ከአገጭ ሥር ጥላ ይጥላል። የሚጠቅመው በግራና በቀኝ ጠርዙ፣ መስታወቱ በአሸዋ ተፍቆ ብርሃን ወደ ፊት የሚያሳልፈው ነው። እሱ ካልተገኘ ተራ ወፈር ያለ መስታወት ገዝቶ በሁለቱም ጎኑ፣ በፊት ቁመት ላይ፣ ለእርጥበት የተሠራ የግድግዳ መብራት ማሰር ከማንኛውም ባለ ጌጥ መስታወት የተሻለ ብርሃን ይሰጣል። አንዱ ሲበላሽም ሌላው አይነካም።

ቀለሙን በተመለከተ 4000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 6500 ፊትን ያገረጣል፣ 2700 ያቢጫል። ከዚህ ይልቅ ገንዘብ የሚገባው ሲአርአይ (ብርሃኑ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር) 90 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ስትሪፕ ነው። ማንም 90 ብሎ መጻፍ ስለሚችል መዳፍዎንና ቀይ ጨርቅ ብርሃኑ ሥር ያስገቡ፤ ቀዩ ወደ ቡናማ ካደላ፣ መዳፍዎ አመድ ከመሰለ ጽሑፉ ውሸት ነው። የስልክ ካሜራ ወደ መብራቱ ሲያዞሩ ወፍራም ጥቁር መስመሮች ከተንሸራተቱ ደግሞ መብራቱ ይርገበገባል፤ ድራይቨሩ ርካሽ ነው።

የጭጋግ ማጥፊያው

ከተጨማሪዎቹ ሁሉ ገንዘብ የሚገባው እሱ ብቻ ነው፣ በተለይ መስኮትም ማናፈሻም ለሌለው ክፍል። ከመስታወቱ ጀርባ የተለጠፈ ስስ ማሞቂያ ነው፤ መስታወቱን እንፋሎት ወደ ውኃ ከሚለወጥበት ሙቀት በላይ ስለሚያደርገው ውኃ አይቋጥርበትም። ሻወሩ ከመከፈቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ማሞቂያው ሥራ መጀመር አለበት። የሚያጸዳው ደግሞ ማሞቂያው የተለጠፈበትን ስፋት ብቻ ነው፤ በትልቅ መስታወት ላይ የደብተር ገጽ የምታህል ለጥፈው «ጭጋግ የማይዘው» ብለው የሚሸጡ ስላሉ ስፋቱን ይጠይቁ።

አብዛኛው ማሞቂያ በድራይቨሩ በኩል አያልፍም፣ በቀጥታ ከቤቱ መስመር ይሠራል። ድራይቨሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበል ይሆናል፣ ማሞቂያው ግን አይቀበልም። ለ110 የተሠራው 220 ላይ ቢገባ አራት እጥፍ ይሞቅና ይቃጠላል፤ ለ220 የተሠራው 110 ላይ ሩብ ሙቀት ብቻ ይሰጣል። በመልቲሜትር መለካት ይቻላል፦ ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 40 ዋት 1,210 ኦም ገደማ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። በሙጫ ስለተጣበቀ ሲላጥ የብሩን ቅብ ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ እንደሚጠገን ዕቃ አይቁጠሩት። ማብሪያው ከመብራቱ የተለየ ይሁን፤ አለበለዚያ መብራት በበራ ቁጥር ማሞቂያውም ይበላል።

መስታወቱና ጠርዙ

ክብደት አይዋሽም። መስታወት በካሬ ሜትር፣ በየሚሊ ሜትሩ ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 60 በ80 የሆነው በ5 ሚሊ ሜትር መስታወቱ ብቻ 6 ኪሎ ነው፣ በ3 ሚሊ ሜትር ግን 3.6። ስሱ ሲሰቀል ይታጠፋል፣ ፊትንም ያጣምማል። ፍሬሙ አሉሚኒየም ይሁን፤ ቀለም የተቀባ ላሜራ ይዝጋል፣ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ውኃ ጠጥቶ ያብጣል።

ጠርዙ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ የማይድን በሽታ ነው፤ እርጥበት ብሩን እየበላው ነው። አሞኒያ ወይም አሲድ ያለበት ማጽጃ ያፋጥነዋል፤ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይርጩ። ሌላው ጥፋተኛ ሲሊኮን ነው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቅና ቅቡን ይበላል፤ ለመስታወት የማይሸተውን ገለልተኛውን ይጠቀሙ። የታችኛውም ጠርዝ ውኃ በሚተኛበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

«አይፒ 44» የሚለው ጽሑፍ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነገር እንደማያስገባና ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ እንደማይጎዳው ይናገራል። በአስመሳዩ ላይም ተጽፏል። ጀርባው ሲገለበጥ ግን ሽቦዎቹ በተራ ፕላስተር ተጠቅልለው፣ የሳጥኑ ክዳን ያለ ላስቲክ ተገጥሞ ይታያል። ፍሬሙ ብረት ከሆነ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ የተያያዘ መሆኑን ይዩ። መስመሩም በ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መቁረጫ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚዘጋ መሣሪያ) ይጠበቅ፤ መስታወቱ ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

በብዙዎቹ ላይ ሰዓቱ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ዜሮ ላይ ይጀምራል። የብሉቱዙ ድምፅ ማጉያ በእርጥበት ይሻግታል፣ ሲሞት ደግሞ መስታወቱን ሳያወርዱ አይደርሱበትም። ለሁለቱም ሳንቲም አይጨምሩ።

ባለ ቱቹ የሚመረጥበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ከማብሪያው እስከ መስታወቱ መስመር የሌለበትና ግድግዳ መፈልፈል የማይቻልበት የኪራይ ቤት። ያኔ እጅ ሲወዛወዝለት የሚበራው ባለ ኢንፍራሬድ ከቱቹ ይሻላል፤ መስታወቱን መንካት ስለማይጠይቅ እርጥብ እጅ አያውከውም። የትኛውም ይሁን ሰሌዳው በመሰኪያ የሚነቀል ይሁን፣ የተበየደ አይሁን።

የመረጡትን መስታወት ከመስቀልዎ በፊት ግድግዳ ላይ አስደግፈው ለሁለት ሰዓት ያብሩት። ድራይቨሩ ላይ እጅ ማቆየት ካልተቻለ፣ መብራቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከተርገበገበ ወይም የሙጫ ሽታ ከመጣ፣ ብሎን ሳያስገቡ ወደ ሻጩ ይመልሱት።