«አልሸጥልሽም» ላሉኝ የእህል በረንዳው አባት

እህል በረንዳ፣ ጆንያና ከረጢት ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዷ ውስጥ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው «ተይኝ እናቴ፣ እኔ ፌስቡክ ላይ ምን አለኝ» ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ዘንድሮ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ገንዘቤን ይዤ ፊታቸው ቆሜ «አልሸጥልሽም» አሉኝ። የማመሰግናቸውም ለዚሁ ነው።

እኔ ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እርሻ የማውቀው ለበዓል ስሄድ ብቻ ነው። አጎቴ ግን መቂ አካባቢ በቆሎ ያመርታሉ፤ የቤታችን የገንፎ ዱቄትም ከእሳቸው ነው የሚመጣው። አምና በቆሎው ተቆርጦ ተከምሮ ሳለ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደበት። አጎቴ ሌላ ዝናብ ሳይደርስባቸው ብለው ተጣድፈው አስፈለፈሉት። እኔም ላግዝ ብዬ ከአንድ ሱቅ (የት እንደሆነ አልናገርም) «ነቀዝ አያስገባም» የተባልኩትን ከረጢት ገዝቼ ላክሁ። ጥር ላይ ሲከፈት ሽታው ገና ከበር ተቀበለን። ላስቲኩ በውስጥ በኩል አልቦታል፣ በቆሎው እርስ በርሱ ተጣብቆ በእጅ አይፈለቀቅም፣ መሃሉ አረንጓዴ ሻጋታ ነው። ከ7 ኩንታል 4ቱ ተቀበረ። አጎቴ «ለላሟ ልስጣት» ብለው ነበር፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው የከለከላቸው። አፍላቶክሲን የሚሉት የሻጋታ መርዝ ቢቀቅሉትም ቢያሰጡትም አይለቅም፤ ላሟ ከበላችው ደግሞ በወተቷ ይመጣል።

ዘንድሮ እንግዲህ ያንን ይዤ ነው እህል በረንዳ የሄድኩት። የፈለግሁት ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ነበር፦ ውጩ ተራ ማዳበሪያ፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ላይ ለጥራጥሬ ማከማቻ ያዘጋጁት ነው። አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም።

«7 ይስጡኝ» አልኳቸው።

«በቆሎው ደርቋል?»

«አጎቴ ደርቋል ብለዋል።»

«አጎትሽን አልጠየቅሁም። በቆሎውን አሳዪኝ።»

ይዤ አልመጣሁም። የአምናውን ስነግራቸው ጭራሽ ከረጢቱን ወደ መደርደሪያው መለሱት። «ይሄ አየር አያስገባም ማለት እርጥበትም አያስወጣም ማለት ነው። እርጥብ ከከተትሽበት ሽሮ ድስት ላይ ክዳን እንደመክደን ነው።» እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ተናድጄ ነው የወጣሁት።

አጎቴ ናሙናውን በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ቋጥረው ላኩልኝ። ጋሼ ደረቅ የማርማላታ ብርጭቆ አወጡ፣ አንድ ሲሶውን በቆሎ ሞሉት፣ ደረቅ ጨው ጨመሩበት፣ ከድነው በደንብ ነቀነቁትና ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ሩብ ሰዓት ያህል ሻይ ጠጣን። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ሲያነሱት ጨው ጎንና ጎኑ ላይ ተለጥፏል። «ይኸውልሽ፣ ላብ አለበት።» ጨው ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈም ገና ነው ይላሉ፤ በቆሎ ለከረጢት ከ13 በመቶ በታች መውረድ ስላለበት ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይጨመርለታል።

እዚያው ሱቁ ውስጥ ሆነው በእኔ ስልክ አጎቴን አስተማሯቸው። መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ አስጡት። ስስ አድርጉት፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። ደመና ሲመጣና ማታ ጤዛ ሳይወርድ ሸፍኑት። ከፀሐይ እንደወጣ ትኩሱን እንዳትከቱት፣ ይብረድ። የውስጡን ላስቲክ አየሩን ጨምቃችሁ ጠምዝዛችሁ እሰሩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ መጨረሻ ማዳበሪያውን። ከግድግዳ አርቃችሁ ርብራብ ላይ አስቀምጡት። ልጆቹ በየሳምንቱ እየከፈቱ እንዳያዩት! አጎቴ በበኩላቸው «ጤፍስ?» ሲሉ ሳቁባቸው፤ ጤፍ ለነቀዝ ፍሬው አይበቃውም። የድሮ ሰዎች በቆሎና ማሽላን ከጤፍ ቀላቅለው የሚያኖሩት ለዚህ ነው፤ ጤፉ ክፍተቱን ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ተቆጥተዋል። አጎቴ አምና የተረፈ የነቀዝ እንክብል ቤት ውስጥ እንዳለ ሲናገሩ «ከምትተኙበት ቤት አውጡት» ብለው ጮኹ። እንክብሉ የአየር እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ እህልና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት ቤት አደጋው ለነቀዙ ብቻ አይደለም።

ከ8 ቀን በኋላ ሁለተኛ ናሙና መጣ። ጨው አልተለጠፈም። ጋሼ አልጠገቡም፤ ከጎረቤታቸው ነጋዴ የእርጥበት መለኪያ ተውሰው 12.5 ሲያነብ ያን ጊዜ 7ቱን ሸጡልኝ። እያንዳንዱን ላስቲክ በአፋቸው ነፍተው ቀዳዳ እንደሌለው አሳይተውኛል፤ አምና የገዛሁት አንድ ላስቲክ ብቻ እንደነበረው ያወቅሁትም ያኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ሰኔ ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ፈታነው። በቆሎው እንደገባ ነው፤ ነቀዝ የለ፣ ሽታ የለ። አጎቴ አንዷን ፍሬ ነክሰው ቀጭ ስትል ሰሙና «ለዚያ ሰውዬ ምን ይዘን እንሂድ?» አሉ።

እንግዲህ ገጠር ዘመድ ያላችሁ፣ ለመኸሩ ከአሁኑ አስቡበት። ዋጋው ከተራ ማዳበሪያ በጣም ይወደዳል፣ ጋሼም ክርክር አይወዱም። እሁድ ዝግ ናቸው። መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ ማቆሚያ የለም። አቅጣጫውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ፤ ብቻ ናሙናውን በላስቲክ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ አለዚያ እንደኔ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።