የማሽን ክር፦ ርካሹ ነው ውዱ

አዲስ የስፌት ማሽን የገዛ ወዳጅ ሁሉ «ክር የቱን ልግዛ?» ይለኛል። መልሴን ላስቀድም፦ ጥሩ ፖሊስተር፣ 40/2 (40 የቅጥነቱ ቁጥር ነው፣ 2 ደግሞ ሁለት ክር አብሮ መገመዱ)፣ በትልቁ ጥቅል። ለሸሚዝም፣ ለመጋረጃም፣ ለዩኒፎርምም እሱው ነው። የጥጥ ክር የምመርጠው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ዋጋ። መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ስሌቱን ያዙ። ትንሿ ጥቅል ብዙ ጊዜ 100 ሜትር ናት። ትልቁ 5000 ያርድ ከተባለ 4572 ሜትር ነው፣ ከ45 ትንንሾች ይበልጣል። እንበልና 300 ብር ቢሆን 100 ሜትሩ 6 ብር ተኩል ገደማ ይመጣል። ትንሿን በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ካገኛችሁ ለእኔም ጠቁሙኝ!

ችግሩ 5000 የተጻፈበት ሁሉ 5000 አለመሆኑ ነው። አስመስለው የሚሠሩት መሀሉ ያለውን ፕላስቲክ ያወፍሩትና ክሩን ከላይ ይጠቀልሉበታል፣ ሲያዩት ያው ነው። ያ ጥቅል 220 ብር ቢባልና ውስጡ 3000 ያርድ ብቻ ቢኖር 100 ሜትሩ 8 ብር ገባ፣ ከ300ው ተወደደ ማለት ነው። ስለዚህ አስመዝኑት። 40/2 ክር 5000 ያርድ ከሞላ ያለ ፕላስቲኩ 135 ግራም ገደማ ይመዝናል። 80 ግራም ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል።

ጥራቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ርካሹን ገዝታ ማሽኑ ስፌት ይዘል ጀመር፣ ክሩም በየደቂቃው ይበጠሳል። መካኒክ ተጠራ። የቦቢኑን ቤት፣ የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን፣ ሲከፍተው የተጠቀጠቀ የክር ብናኝ እንደ ድመት ፀጉር ተጎልጉሎ ወጣ። ማሽኑ ምንም አልነበረበትም። ለመካኒኩ የከፈለችው ሁለት ጥሩ ጥቅል ይገዛ ነበር። እናንተ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አንድ ክንድ ፍቱና ብርሃን ላይ ዘርጉት። ፀጉራም ከሆነ፣ ወይም እዚህ ሰልሎ እዚያ ካበጠ፣ መልሱለት።

ጥጥ የምገዛው ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ አልጋ ልብስ ስሠራ ነው፣ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉትን። እዚያ እያንዳንዱ ስፌት በጋለ ካውያ ይተኮሳል፣ ጥጥ ደግሞ ሙቀት ይችላል። ፖሊስተር ካውያው ሲበዛበት ይኮማተራል። ከዚህ ውጪ ግን ጥጥ ውድ ነው፣ ብናኙም ይበዛል፣ ለሚለጠጥ ጨርቅማ ጭራሽ አይሆንም። ጥጥ ነው ብለው ፖሊስተር እንዳይሸጡላችሁ ጫፉን በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል።

ውጭ ዘመድ ያላችሁ የጀርመኑን ጉተርማን ማስመጣት ትችላላችሁ። ግሩም ክር ነው። ለመጋረጃ ግን ብር ማባከን ነው፣ ለስስ ቀሚስ አስቀምጡት።

የሀበሻ ቀሚስ የምትሰፉ ደግሞ ቀለሙን ሳትፈትኑ እንዳትገዙ። በተለይ ቀዩን። ነጭ ሶፍት አርጥባችሁ ትንሽ ክር ጠቅልሉበትና በጣት ጨምቁ። ሶፍቱ ሮዝ ከሆነ ለነጭ ቀሚስ አይሆንም፣ ባለሱቁ «ኧረ አይለቅም እመቤቴን!» ብሎ ቢምልላችሁም።