ለጥምቀት ቀሚስ ያሰፋንበት የቅዳሜ ገበያው ልብስ ሰፊ

ልጄ ዘንድሮ 13 ዓመት ሞላት። ለጥምቀት የሐበሻ ቀሚስ ላሰፋልሽ ስላት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። እጅጌ የለውም፣ ጀርባው ክፍት ነው፣ ከጉልበትም በላይ ነው። «አይሆንም» አልኳት። «እማ፣ ጓደኞቼ በሙሉ እንደዚህ ነው የሚያሰፉት» አለች። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

እኛ ጎንደር «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ስንል ከልባችን ነው። ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ቀሚስ ነው። እኔ በሷ ዕድሜ ሳለሁ እናቴ አይሆንም ካለች አለቀ፤ ምክንያት አይነገረኝም። እኔም ጓደኛዬ ቤት ገብቼ እቀይር ነበር። ልጄ እንደዚያ እንድትደበቀኝ አልፈልግም።

ጎረቤቴ ቅዳሜ ገበያ ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ ጠቆመችኝ። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጋሼ ፎቶውን አዩና ወደ ልጄ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ከዚህ የወደድሽው የቱን ነው?» አሏት። እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ይህን አልጠየቅኳትም። ለካ እሷ የወደደችው ወገቡ ጠበብ ብሎ ከታች መዘርጋቱን ነው። ሰማያዊ ጥለቱንም ወዳዋለች። ማጠሩ ያን ያህል ጉዳይዋ አልነበረም።

እኔም የምፈልገውን እዚያው ተናገርኩ። ከጉልበት በታች፣ እጅጌ ያለው፣ የመነን ጨርቁ ገላ እንዳያሳይ ገበር የገባበት። ምክንያቱንም ነገርኳት። ከተራ ዕለት ታቦት አጅባ እስከ ፋሲል መዋኛ በእግሯ ትሄዳለች። ትዘላለች፣ ታጨበጭባለች፣ መሬት ትቀመጣለች። በማግስቱ ጸበሉ ሲረጭ ነጭ ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል። ቀሚሷን ቁልቁል ስትጎትት እንድትውል አልፈልግም። ሌላውን ሁሉ አንቺ ምረጪ አልኳት። ጀርባው ላይ ትንሽ ክፍት ለመነችኝ፤ ነጠላ ስለምትደርብ እሺ አልኩ።

ለልክ ስንመለስ ጋሼ ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ያዙና «ቁጭ በይ፣ አጎንብሺ፣ እጅሽን አንሺ» አሏት። መስታወቱን አይታ «ሁለት ጣት ይጨመርልኝ» ያለችው ራሷ ናት። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ጋሼ ከታች አራት ጣት እጥፋት ተዉለት። ልጅቷ እያደገች ነው፤ የሸማ ነገር ደግሞ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ለከርሞ ይፈታል ማለት ነው።

የስፌቱ ዋጋ ያለ ጨርቁ 1,200 ብር ነው። ለሥራው ጥራት አልቆጨኝም። ቀጠሮ ግን አያከብሩም። ለጥር 5 ብለውኝ የወሰድኩት ጥር 9 ማታ ነው፤ ሁለቴ በከንቱ ተመላለስኩ። ያ በጣም አናዶኛል፣ ልጄ በዓሉ ያመልጠኛል ብላ አልቅሳለች። ዚፑም ከተራ ጠዋት አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ይዘን ወጣን። በኋላ ያለ ክፍያ ቀይረውልኛል።

ለከርሞም እሳቸው ጋ ነኝ፤ ግን ኅዳር ላይ ነው የምሄደው። የምትሄዱ ካላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልኳን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አትላኩ። ዚፑንም እዚያው ሳትሞክሩ አትውጡ።