ሆዳችሁ ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ፦ ይህችን የምግብ ባለሙያ ሳታዩ ተስፋ አትቁረጡ (ሜልበርን)

በተለይ ፉትስክሬና አካባቢው ላላችሁ ሐበሾች። እህታችንን ከዘመናት የሆድ መነፋት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያሳረፈችልንን የምግብ ባለሙያ (ዳይቲሺያን) በአደባባይ እናመሰግናለን። እግዚአብሔር ብድሯን ይክፈልልን። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እነግራለሁ።

ከእሷ በፊት ያለፈው ሲታሰብ ያንገበግባል። አንዱ ጋ «ጭንቀት ነው» ተባለ። ሌላው ጋ በውድ ዋጋ የአይጂጂ (IgG፣ በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል) የደም ምርመራ ተሠራና እንቁላል፣ ስንዴ፣ ምስር ሳይቀር የሚከለክል ረጅም ዝርዝር ተሰጠን። እባካችሁ በዚህ ምርመራ ገንዘባችሁን አታባክኑ። አይጂጂ ሰውነት ምግቡን እንደሚያውቀው እንጂ እንደማይስማማው አያሳይም፤ የአውስትራሊያና ኒውዚላንድ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበርም አይመክረውም። ቆዳ ተወግቶ የሚሠራው ምርመራ ለእውነተኛ አለርጂ ይጠቅማል። በምግብ ውስጥ በተፈጥሮ ለሚገኙት ኬሚካሎች፣ ማለትም ለሳሊሲሌት፣ ለአሚንና ለግሉታሜት፣ አለመስማማት ግን የቆዳም የደምም ምርመራ የለም። ያለው መንገድ ምግቡን ለጊዜው አውጥቶ፣ ሆድ ሲረጋጋ አንድ በአንድ እየመለሱ መፈተን ነው። ባለሙያዋ የተከተለችውም ይህንኑ፣ በሲድኒ የሮያል ፕሪንስ አልፍሬድ ሆስፒታል የአለርጂ ክፍል የተደራጀውን ሥርዓት ነው።

ልባችንን የነካው የመጀመሪያው ቀን ነበር። በክልከላ አልጀመረችም፤ ጠየቀች። ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? ቁሌቱ ላይ ቲማቲም ይገባል? በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው? ሥጋው የሚገዛው በቫኪዩም ታሽጎ ነው? ሆድሽ ሲነፋ ምን ትጠጫለሽ? የጥርስ ሳሙናሽ ሚንት አለው? የእኛን ማዕድ እንዲህ አክብሮ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት ነበረው። አሚን የሚበዛው ፕሮቲን ሲቆይ፣ ሲብላላና ሲያረጅ ነው። በቫኪዩም ታሽጎ ሳምንታት የቆየ የበሬ ሥጋ፣ ወይም ሦስት ቀን ፍሪጅ ያደረ ወጥ፣ ከትኩሱ ይልቅ ብዙ አሚን አለው። ስለዚህ ያልታሸገ ትኩስ ሥጋ ገዝቶ በዕለቱ ማብሰል፣ የተረፈውንም ወዲያው በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ፍሪዘር ማስገባት ነው። ቲማቲም ሦስቱንም ኬሚካሎች ይዟል፤ ድልህ ሲሆን ደግሞ ይጠነክራል። ሳሊሲሌት በቅመም ውስጥ እጅግ ይበዛል። በ1985 የሲድኒ ተመራማሪዎች 333 ምግቦችን ለክተው ባሳተሙት ጥናት፣ በ100 ግራም የሚያቃጥል የፓፕሪካ ዱቄት 203፣ በደረቀ ታይም 183፣ በእርድ 76 ሚሊግራም ገደማ ተገኝቷል። ታይም የጦስኛችን ዘመድ ነው። ለሆድ ብለን የምናፈላው የጦስኝና የዝንጅብል ሻይ ሳሊሲሌት ለማይስማማው ሰው ጭነት ሊጨምርበት ይችላል ማለት ነው።

በማውጫው ወቅት የሚበላው ሩዝ፣ ወፍራም ተደርጎ የተላጠ ነጭ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ቆዳው የተነሳ ትኩስ ዶሮ፣ በደንብ በስሎ የተላጠ ፒር ነው። በቀይ ሽንኩርት ፋንታ ባሮ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይገባል። እንጀራ የተብላላ ስለሆነ ለጊዜው ተነሳ፤ ይህ ከባዱ ነበር። ዳቦ ሲገዛ ጀርባው ይነበባል፦ 282 (ሻጋታ መከላከያ) ካለበት ይቀራል፤ 621 (ጣዕም ማጉያ) እና ከ220 እስከ 228 ያሉትም (ሰልፋይት የተባሉ ማቆያዎች) እንዲሁ።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሕመሙ ሊብስ ይችላልና። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሆዱ ለተከታታይ ቀናት ጸጥ ሳይል ፈተና አይጀመርም። ፈተናው ላይ አንዱ ኬሚካል ብቻ ይገባል፤ ለሳሊሲሌት ለምሳሌ ካሮት፣ ኩከምበርና ማር እስከ 7 ቀን በየቀኑ በዛ ተደርጎ ይበላል። ለምን በየቀኑ? ኬሚካሉ ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ጣሪያውን ሲያልፍ ነው ምልክቱ የሚመጣው፤ አንድ ቀን ቀምሶ «ተስማማኝ» ማለት ያሳስታል። ምልክት ከታየ ቆም ተብሎ፣ ሆድ እንደገና ከረጋ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህን ከሞናሽ ዩኒቨርሲቲው የፎድማፕ (አንጀት ውስጥ ተብላልተው ሆድ የሚነፉ የስኳር ዓይነቶች) ዝርዝር ጋር በራሳችሁ አታደባልቁ። ባሮ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ፒር በኬሚካል ዝቅተኛ ናቸው፤ በፎድማፕ ግን ከፍተኛ። ሁለቱን ዝርዝር ደርቦ የሚከለክል ሰው የሚበላው ያጣል፣ ይከሳል። የትኛው እንደሚቀድም መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ የእኛዋ ባለሙያ የበረታችውም እዚህ ላይ ነው። የምትችይውን መጠን እናገኛለን እንጂ ምግብሽን አልወስድብሽም ነበር ያለቻት፤ ቃሏንም ጠበቀች። ዛሬ እንጀራው ተመልሷል፣ ምስሩም በጥቂት በርበሬ ይበላል።

ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይታይ። የሴሊያክ (በስንዴ ውስጥ ባለው ግሉተን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) ምርመራ ስንዴ ከመተው በፊት ይሠራ፤ ከተተወ በኋላ ውጤቱ ያታልላል። አስም ያለበት፣ በተለይ አስፕሪን የማይስማማው፣ የሳሊሲሌት ፈተናን ቤቱ አይሞክር። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ያለ ባለሙያ ፈጽሞ አይደረግ።

ወደ እሷ ለመሄድ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሕመሙ ከ6 ወር በላይ ከቆየና ሐኪሙ የሕክምና ዕቅድ ከጻፈላችሁ፣ ሜዲኬር በዓመት እስከ 5 ጉብኝት ከፊሉን ይመልሳል። እንግሊዝኛ ለሚከብዳችሁ በ131 450 የአማርኛ አስተርጓሚ አለ፤ ቀጠሮ ስታስይዙ ጥያቄውን አስቀድሙ። ከእሷ ጋር ካልተመቻችሁም፣ የምትመርጡት ሰው ኤ.ፒ.ዲ. (APD፣ በአውስትራሊያ ዕውቅና ያለው የምግብ ባለሙያ) የሚል ማዕረግ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ስትሄዱ የሁለት ሳምንት የምግብና የምልክት ማስታወሻ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የምትጠቀሙበትን የቅመምና የዘይት ማሸጊያ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። የበርበሬውንም መጠን ለክታችሁ ጻፉ፤ ትጠይቃችኋለች።